ከሐዋሳ ወደ ማርሳቢት፦ የቤተ ክርስቲያን የሕክምናና የግንባታ ቡድን ወደ ኬንያ እንዴት ይላካል?

ሐዋሳ ከባሕር ማዶ የሚመጡ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖችን ስትቀበልና ስታስተናግድ የኖረች ከተማ ናት። ዛሬ ግን በአጥቢያዎቻችን ውስጥ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የፋርማሲ ባለሙያው፣ መሐንዲሱና ግንበኛው ጎን ለጎን ተቀምጠው ያመልካሉ። ተቀባይ ብቻ ሳንሆን ላኪም መሆን የምንችልበት ጊዜ ደርሷል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ለማድረግ ልቡ ለተነሣሣ አጥቢያ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት የኬንያን ማርሳቢት ካውንቲ ነው። ከሐዋሳ የሚነሣው መንገድ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ ይደርሳል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለችው ሌላዋ ሞያሌ የማርሳቢት ካውንቲ ከተማ ናት። ቦረናዎች በሁለቱም አገር ይኖራሉ፣ ቡርጂዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ከእኛው ጉባኤ መካከል ሕመምተኛውን በገዛ ቋንቋው የሚያናግር ሰው ማግኘት ይቻላል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ቡድን ይህን በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ በቡድኑ የስብሰባ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፦ «እኛ ከተመለስን በኋላ ይህን ማን ይይዘዋል?» የሚሰጠው መድኃኒትም ሆነ የሚገነባው ግድግዳ በዚህ ጥያቄ ካልተፈተነ ለተቀባዩ ሸክም ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

1. በግብዣ ጀምሩ

ብዙ አጥቢያዎች የሚጀምሩት «ምን ይዘን እንሂድ?» ብለው ነው። መጀመር ያለበት ግን «ማን ጠራን?» ከሚለው ነው። በቦታው ያለች ቤተ ክርስቲያን፣ ከአካባቢው ጤና ተቋም ጋር ጥሩ ግንኙነት ያላት፣ በጽሑፍ ልትጋብዛችሁ ይገባል። በኬንያ ከ2010ሩ ሕገ መንግሥት ወዲህ የጤና አገልግሎት በአብዛኛው የሚተዳደረው በካውንቲዎች ነው፤ ስለዚህ አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ማነጋገርና የድጋፍ ደብዳቤ ማግኘት አለባት። የጤና ተቋማቱ በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፦ ደረጃ 2 ዲስፔንሰሪ የሚባለው ትንሽ ክሊኒክ፣ ደረጃ 3 ጤና ጣቢያ፣ ደረጃ 4 የንዑስ ካውንቲ ሆስፒታል፣ ደረጃ 5 የካውንቲ ሪፈራል ሆስፒታል። ለአንድ አጥቢያ ቡድን አቅም የሚመጥነው ብዙውን ጊዜ አንድ ዲስፔንሰሪ ነው። በአንድ ሳምንት አምስት መንደር አዳርሳለሁ የሚል ዕቅድ አንዱንም በወጉ አያገለግልም።

ከዋናው ጉዞ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ሁለት ሰዎች ይላኩ፤ አንዱ የጤና ባለሙያ፣ ሌላው የግንባታ ሰው። የጤና ባለሙያው ከዲስፔንሰሪው ነርስ ጋር ተቀምጦ ያለፉትን ሦስት ወራት የታካሚ መዝገብ ገጽ በገጽ ያንብብ። ሰው በምን ታሞ እንደሚመጣ፣ የትኛው መድኃኒት በየወሩ እንደሚያልቅ፣ ስንቱ ወደ ሆስፒታል ተልኮ ስንቱ ሳይሄድ እንደቀረ መዝገቡ ይናገራል። የግንባታው ሰው ደግሞ ጣሪያውን ይለካ፣ መጸዳጃ ቤቱን ይይ፣ ውሃ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚቀዳው ይጠይቅ፣ በአቅራቢያው ከተማ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ይመዝግብ። ሁለቱም ሲመለሱ ከነርሷ አፍ የሰሙትን ሦስት ችግር በራሷ ቅደም ተከተል ለጉባኤው ያቅርቡ። እኛ የምንወደው ሥራ በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሥራው ይቀየራል እንጂ ዝርዝሩ አይቀየርም።

በደብዳቤዎች ላይ ያለውን ቀን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የጉዞ ቀን ድንበር ላይ የሚያስከትለው ግራ መጋባት ቀላል አይደለም።

2. ፈቃዶቹን ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ

ኢትዮጵያውያን ለጉብኝት ወደ ኬንያ ሲገቡ ቪዛ አይጠየቁም። ይህ እውነት ብዙ ቡድኖችን ያዘናጋል። ለጉብኝት መግባት ሌላ፣ ታካሚ መመርመርና ሕንፃ መሥራት ሌላ ነው። ደመወዝ ባይኖረውም አገልግሎቱ ሥራ ነውና ለአጭር ጊዜ የሚሰጠውን ስፔሻል ፓስ አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ከኬንያ ኢሚግሬሽን አስቀድማ ታውጣ። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ማን ይጠይቀናል?» የሚል ካለ ቡድኑን እንዲመራ አትፍቀዱለት።

ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ከኬንያ የሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ነርሶች ከነርሶች ምክር ቤት። ለዚህ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃና የሙያ ፈቃዱን ከሰጠው አካል የተጻፈ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ዋና ፈተና የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ሰው በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ በዲግሪው ላይ በሌላ፣ በሙያ ፈቃዱ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። «ጸጋዬ»ን ብቻ ውሰዱ፤ ስንት ዓይነት ይጻፋል! ሰነዶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የእያንዳንዱን ሰው ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ፣ ልዩነት ካለ ቀድሞ ይታረም ወይም ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይውጣ። ሁለት ሰዎች ለዚህ ብቻ ይመደቡ። ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ በየ10 ዓመቱ መታደሱ ቀርቷል። የግንባታው ክፍል አባላት የቲታነስ ክትባታቸው ያለፈበት እንደሆነ በዚያው ይከተቡ።

3. ቡድኑ ትንሽ ይሁን

ከ12 ሰው ባይበልጥ እመክራለሁ። አስተናጋጆቻችሁ ውሃ ከሩቅ የሚቀዱ ሰዎች መሆናቸውን አስቡ፤ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ማለት በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ማለት ነው።

ሁለት ሐኪም ወይም የጤና መኮንን፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ አንድ መሐንዲስ ወይም ፎርማን፣ ሁለት ግንበኛ፣ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ሁለት አስተርጓሚ። ከሕክምና ባለሙያዎቹ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፤ በዚያ አካባቢ ብዙ እናቶች የሴት ሕመማቸውን ለወንድ አይናገሩም። ቦረናና ጋብራ በአንድ ቋንቋ ይግባባሉ፤ ሬንዲሌ ግን የራሱ ቋንቋ አለው፣ ስለዚህ ወደ ላይሳሚስ አቅጣጫ የምትሄዱ ከሆነ የአካባቢውን አስተርጓሚ በክፍያ ቅጠሩ።

የጤና ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሐዋሳ ውስጥ ብቻውን እንዲሠራ የማይፈቀድለትን ነገር እዚያም አይሠራም። ድሃ መሆን የሰውን አካል መለማመጃ አያደርገውም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

4. መድኃኒት፦ ሻንጣውን ሳይሆን ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ

ከምእመናን ቤት የተሰበሰበ መድኃኒት በሻንጣ ሞልቶ ድንበር መሻገር የሚለውን ሐሳብ ከጅምሩ ተዉት። መድኃኒት ወደ ኬንያ ለማስገባት የአገሪቱ የፋርማሲና መርዞች ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በእርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ከሰው ኮመዲኖ የወጣ ግማሽ ብልቃጥ ሽሮፕ ይህን አያሟላም።

የተሻለው መንገድ እዚያው ኬንያ መግዛት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሜድስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቅ፣ የካቶሊክና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የጤና ማኅበራት በ1986 እ.ኤ.አ. በጋራ ያቋቋሙት የመድኃኒት አቅራቢ ድርጅት አለ። ለቤተ ክርስቲያን ጤና ተቋማት መድኃኒት ማቅረብ ዋና ሥራው ነው። አስተናጋጃችሁ በዲስፔንሰሪው ስም ትዘዝ፣ እናንተ ክፍያውን ሸፍኑ። እንዲህ ሲሆን ነርሷ የምታውቀው መድኃኒት፣ በምታነበው ጽሑፍ፣ በለመደችው መጠን ይመጣል፤ የተረፈውም በመዝገቧ ላይ ገብቶ ይቀመጣል።

ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የቡድኑ የፋርማሲ ባለሙያና የዲስፔንሰሪው ነርስ በስልክ እየተነጋገሩ ነው። ካርድ ክፍሉ መዝገብ ላይ የታየው ሕመም ዝርዝሩን ይወስነዋል። የአንጀት ትል መድኃኒትን በተመለከተ መጀመሪያ ካውንቲውን ጠይቁ፤ በዘመቻ ሰጥተው ከሆነ እናንተ መድገም የለባችሁም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ደግሞ ዲስፔንሰሪው ወይም ቅርቡ ያለው ሆስፒታል ዘወትር የሚያገኘውን ዓይነት ብቻ ግዙ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድን መድኃኒት ለአንድ ወር ሰጥቶ መሄድ ሰውየውን አንድ ወር አክሞ ከዚያ መተው ነው።

ከሐዋሳ የምትወስዱት መሣሪያ ነው፦ የደም ግፊት መለኪያ ከተለያየ መጠን ማሰሪያ ጋር፣ ቴርሞሜትር፣ የሕፃናት ክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ የሕፃናትና የአዋቂ ሚዛን፣ ባትሪ፣ የንባብ መነጽር። የስኳር መለኪያ ወረቀቶች ሙቀት አይወዱም፤ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲቆዩ በቀዝቃዛ ሣጥን ያዙና መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉአቸው። እንደ ትራማዶልና ዳያዜፓም ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች አትያዙ። ለራሱ የሚወስደው መድኃኒት ያለው አባል ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ።

አሁን ወደ አንድ ትንሽ ዕቃ ልመለስ፤ የመድኃኒት መስጫ ፖስታ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት መያዝና መጠቀምን ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው፣ እስከ አራት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ክኒን የምታሽጉባቸውን ትናንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶችም ሆነ ልብስ የጠቀለላችሁባቸውን ፌስታሎች ሞያሌ ከመድረሳችሁ በፊት አራግፉ። በምትካቸው ሐዋሳ ማተሚያ ቤት ወፍራም የወረቀት ፖስታ አሠሩ። በፖስታው ላይ አራት ሥዕል ይታተም፦ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ የቆመች ፀሐይ፣ የምትጠልቅ ፀሐይና ጨረቃ። ነርሷ ከየሥዕሉ ሥር የክኒኑን ብዛት በነጥብ ታመለክታለች። ሰዓት በቁጥር አትጻፉ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ግን ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምሮ ነው። ስለዚህ «2 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከቀትር በኋላ ይሆናል። ፀሐይ ግን ለሁሉም አንድ ናት።

5. ግንባታ፦ አርማታው ከእናንተ ቀድሞ ይድረስ

ለደረቅ አካባቢ ዲስፔንሰሪ ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያን አስቀድማለሁ። ውሃ በሌለበት ክፍል ነርስ እጇን አትታጠብም፣ የወለደች እናት አትታጠብም፣ ዕቃ አይቀቀልም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30,000 ሊትር ነው፤ የሚፈሰውና የሚተነው አንድ አምስተኛ ያህል ቢቀነስ 24,000 ሊትር ይቀራል። ዝናቡ በሁለት ወቅት ተከፍሎ ስለሚመጣ 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለት ቢሆኑ የበለጠ።

የሞላ 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ይመዝናል። ይህን የሚሸከም የአርማታ መደብ ያስፈልጋል፤ አርማታ ደግሞ የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ቢያንስ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ከዚያም በላይ። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ቡድን ሰኞ አርማታ ሞልቶ ዓርብ ሮቶ ቢያስቀምጥበት መደቡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ የሚታየው ግን ቡድኑ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ መደቡን የአካባቢው ግንበኛ፣ በኬንያ አጠራር ፈንዲ፣ እናንተ ከመድረሳችሁ ከአንድ ወር በፊት ይሥራው። ንድፉን ላኩለት፣ ገንዘቡን በደረጃ ክፈሉት፣ የፌሮውን አቀማመጥ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

መደቡ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከቧንቧው ሥር 20 ሊትር ጀሪካን ቆሞ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። ይህን ረስተው የተሠሩ ማጠራቀሚያዎች ብዙ ናቸው፤ እናቶች ጀሪካኑን አዘንብለው ግማሹን መሬት እያፈሰሱ ይቀዳሉ። ለሲሚንቶው የሚሆነውን አሸዋና ውሃም መርምሩ። በቻልቢ በረሃ ዙሪያ ያለው መሬት ጨዋማ ነው፣ ጨው ደግሞ ፌሮን በውስጥ ይበላዋል። አሸዋውን በእጃችሁ ዝገኑና በንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ውሃው ጨው ጨው ካለ ሌላ አሸዋ ፈልጉ።

የእናንተ ቡድን ድርሻ አሸንዳው፣ ቧንቧው፣ ወንፊቱና ክዳኑ ነው። አሸንዳው በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማጠራቀሚያው ያዘንብል፤ በዓይን ሳይሆን በውሃ ልክና በሲባጎ ተለክቶ። ከመጀመሪያው ዝናብ የሚወርደው ውሃ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ውጭ የሚፈስበት መክፈቻ ይሠራለት። ትንኝ እንዳይገባ መተንፈሻው ሁሉ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን። እያንዳንዱ ዕቃ፣ ቧንቧውም ብሎኑም፣ ማርሳቢት ከተማ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ይሁን። ከሐዋሳ የመጣ ቧንቧ ቢበላሽ መለዋወጫው ከሐዋሳ እስኪመጣ ውሃው ሲፈስ ይኖራል።

የቀን ሠራተኛውን ከመንደሩ ቅጠሩ፣ በአካባቢው ዋጋም ክፈሉ። የእኛ የቢሮ ሠራተኞች ለበረከት ብለው አካፋ ሲይዙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የመንደሩ ወጣት ከነሱ በላይ ይሠራል፣ ገንዘቡም ለቤቱ ያስፈልገዋል። የቧንቧ ሠራተኛችሁ ሁልጊዜ ከአንድ የመንደሩ ሰው ጋር ጥንድ ሆኖ ይሥራ፤ በመጨረሻው ቀን ያ ሰው አሸንዳውን ብቻውን ፈቶ መልሶ ይግጠም፣ እናንተ ቆማችሁ ተመልከቱ። መሰላል ላይ የሚወጣ ሁሉ ሽፍን ጫማ ይልበስ፣ መሰላሉንም ሌላ ሰው ይያዝ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ቀትር ሥራ ይቁም።

6. ጉዞው

በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ነው፤ ከዋናው አስፋልት የሚወጡት መንገዶች በዚያን ጊዜ ይዘጋሉ። ከጥር እስከ የካቲት አጋማሽ ወይም ከሰኔ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ሂዱ። የውሃ ማጠራቀሚያው ከዝናቡ በፊት እንዲያልቅ ጥር ይመረጣል።

ከሐዋሳ ተነሥታችሁ መንገድ ላይ እደሩ፤ በማግስቱ በቀን ሞያሌ ግቡ። በሌሊት መንዳት በሁለቱም አገር የተከለከለ ነው ብላችሁ ቁጠሩት፣ ሕጉ ቢፈቅድም ባይፈቅድም። ሞያሌ ላይ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሥራ በአንድ ቦታ ያስተናግዳል። መኪናችሁን ይዛችሁ መሻገር ከፈለጋችሁ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ የመኪና መድን ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ኢትዮጵያ በኩል አቁማችሁ የኬንያ መኪና ከነሾፌሩ እንድትከራዩ እመክራለሁ። ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፣ ሾፌሩም የመንገዱን ጸጥታ ከእናንተ በተሻለ ያውቃል። ከሞያሌ ማርሳቢት ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ኪስ አትያዙ። አስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን በኤም ፔሳ መክፈል ትችላለች፤ ሱቁም ሾፌሩም የለመደው እሱን ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ በሌለበት ሁለት ፊርማ። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለሆነ መቀየሪያ ያዙ። የጋራውን ዕቃ ለሁሉም አከፋፍሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

7. የሕክምናው ቀናት

የመጀመሪያው ጠዋት ሥራ አትጀምሩ። ነርሷን፣ የመንደሩን ሽማግሌዎችና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞቹን ሰላም በሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ክፍሎቹን ተመልከቱ። የክሊኒኩ ባለቤት ነርሷ ናት፤ ለሕመምተኛው «እኔ ነርሷን ላግዛት የመጣሁ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሐኪም ቡድኑ ከተመለሰ በኋላም ሰዎች በእሷ እንዲተማመኑ ያደርጋል።

ታካሚ ሁሉ በዲስፔንሰሪው በራሱ መዝገብ ይመዝገብ። በየቀኑ አንድ ሐኪም ከ30 ሰው በላይ አይይ። ጠዋት ቁጥር ያለው ካርድ አድሉ፣ ካርዱ ሲያልቅ ለቀሪው የነገውን ስጡት፤ እናት፣ ሕፃንና አቅመ ደካማ ግን ቀድመው ይለዩ። ወረፋው በጥላ ሥር ይሁን፣ የሚጠጣ ውሃም ይቅረብ። የምርመራ ቦታው መጋረጃ ይኑረው፤ አስተርጓሚውም የሰማውን ከመጋረጃው ውጭ እንዳያወጣ ቃል ይግባ።

የደም ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ሰውየው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። ፀሐይ ላይ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው ግፊት ያንኑ ጊዜ ከፍ ብሎ ቢገኝ በአንድ ልኬት አትፍረዱ፤ ከፍ ያለ ከሆነ በማግስቱ ተመልሶ ይለካ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንድ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነውና በዚያው ቀን ወደ ሕክምናው መርሐ ግብር ይግባ። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት ከክብደት መቀነስና ከጣፊያ ማበጥ ጋር ከመጣ ካላዛርን አስቡ፤ በማርሳቢት የሚታወቅ በሽታ ነው። የወባ ክኒን ሰጥታችሁ አታሰናብቱት፣ ሪፈር ጻፉለት። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኑን የሚወጋውን የትራኮማ ሕመምተኛም ስሙን መዝግባችሁ ለካውንቲው የዓይን ክፍል አስተላልፉ።

የሪፈር ወረቀት ብቻውን ሰውን ሆስፒታል አያደርስም። የመጓጓዣ ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬንያ የቀድሞውን የጤና መድን በአዲስ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክታለች፤ ሕመምተኛው መመዝገቡን ጠይቁ፣ ካልተመዘገበ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት እንዲያስመዘግበው አድርጉ።

ከሁሉም ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ክፍል የንባብ መነጽር ጠረጴዛው ነው። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የቅርብ ነገር ማየት ይደክማል፤ ከ+1.00 እስከ +3.00 ያሉ ዝግጁ መነጽሮች ርካሽ ናቸው። የፊደል ሠንጠረዥ ማንበብ ለማይችል ሰው ሠንጠረዡን ተዉት፤ ዶቃና ክር ጠረጴዛው ላይ አኑሩ። አንዲት እናት መጀመሪያ ክሩን ዓይኗ አጠገብ አቅርባ፣ አርቃ፣ በምራቋ አርጥባ ትሞክራለች፣ ዶቃው ይንከባለልባታል። +2.00 መነጽር ስታደርግ ክሩ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ እሷም ቀና ብላ እናንተን ሳይሆን ሁለተኛውን ዶቃ ትፈልጋለች። ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ሸጣ የምትበላበትን ሥራ መቀጠል ትችላለች፤ ነርሷም ምንም ክትትል አይጠበቅባትም።

ስብከትን ከወረፋው ለዩት። ብዙዎቹ ታካሚዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ መድኃኒት ለማግኘት ጸሎት መስማት ግዴታ የመሰለው ሰው ነጻ ሰው አይደለም። እሑድ ከአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያን ጋር አምልኩ፣ የሚጠይቃችሁንም በግልጽ መልሱለት። ሕመምተኛን ፎቶ አታንሡ። ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላት፤ ሕጉ ባይኖርም የታመመ ሕፃን ፊት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አይሆንም። ለጉባኤው የሚታይ ፎቶ ከፈለጋችሁ የአሸንዳውን አንሡ።

8. ርክክብና ከዚያ በኋላ

ከመመለሳችሁ በፊት ያለው ሙሉ ቀን ለርክክብ ይተው። የተረፈው መድኃኒት ተቆጥሮ በዲስፔንሰሪው የዕቃ ካርድ ላይ ይግባ። ክትትል የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለነርሷ፣ አንዱ ለካውንቲው ጤና ቢሮ። እናንተ ቅጂ ይዛችሁ አትመለሱ፣ የሕመምተኛ ምሥጢር ድንበር አይሻገርም። ለማጠራቀሚያው አንድ ኃላፊና የሦስት ሰዎች ኮሚቴ ይሰየም፤ ከእነሱም አንዷ ውሃ የምትቀዳ ሴት ትሁን። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ለጥገና በወር ስንት እንደሚዋጣ፣ ሮቶው በዓመት መቼ እንደሚታጠብ በጽሑፍ ይስፈር፣ በቋንቋቸውም ይነበብ።

ሐዋሳ በተመለሳችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሒሳብ ሪፖርት ከነደረሰኙ ለአጥቢያው ይቅረብ፤ ቅጂው ለአስተናጋጇ ቤተ ክርስቲያንም ይላክ። ከጉዞው በኋላ ትኩሳት የያዘው አባል ካለ ወደ ሐኪም ሲሄድ ቆላ አካባቢ እንደነበረ ይናገር።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስልክ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሳምንት ለማጠራቀሚያው ኃላፊ ደውሉና ውሃው እስከ ምን ድረስ እንደሞላ፣ አሸንዳው የት ላይ እንደሚያፈስ ጠይቁት። በሦስተኛው ወር ለነርሷ ደውሉ፦ ሪፈር ከተጻፈላቸው ስንቱ ሆስፒታል ደረሱ? የትኛው መድኃኒት አለቀ? የትኛው ሳይነካ ተቀመጠ? መልሷን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቡድን መሪ ስጡት፤ ዝርዝሩን የሚጀምረው ከዚያ ነው።